የአየር ትርኢት ፎቶ የምታነሱ ሰዎች፣ ስህተቴ የቱ ላይ ነው?

ጥያቄው የእኔ ነበር፤ የፎቶ አንሺዎች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት። የጦር ጄቶችና የአክሮባት አውሮፕላኖች የሚበሩበት ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ውዬ፣ ማታ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስገለብጠው 2,300 ፎቶ ወጣ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለሰው ለማሳየት የምደፍረው አንድም አልነበረም። ባለ ፕሮፔለሮቹ አውሮፕላኖች ፕሮፔለራቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ሞተር ጠፍቶባቸው ሊወድቁ የተቃረቡ ይመስላሉ። ጄቶቹ ነጭ ወረቀት ላይ የተንጠባጠበ ጥቁር ቀለም ሆነዋል። ግማሽ ያህሉ ፎቶ ደግሞ ባዶ ሰማይ ነው፤ አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ የቀረ ሰማይ። ሩቁን የሚያቀርበው ሌንሴ እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ እሱም አልበቃኝም። የሸተሩን፣ ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ ፍጥነት ቀኑን ሙሉ 1/2000 ሴኮንድ ላይ አድርጌ አልነካሁትም፤ ፈጣን ነገር በፈጣን ሸተር ነው የሚያዘው ብዬ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ሦስት ፎቶ አያይዤ፣ ጥፋቱ የካሜራው ነው ወይስ የእኔ ብዬ ጠየቅሁ። ከእኔው ጋር 31 መልስ ተጻፈ። ገሚሱ ጠቀመኝ፣ ገሚሱ አናደደኝ፣ ጥቂቱ ከጥያቄው ጋር ምን እንደሚያገናኘው እስካሁን አልገባኝም።

መልስ 1፦ ጥፋቱ የካሜራው እንዳልሆነ የነገረኝ ሰው ጨዋ ነበር። ስህተቴን ከማረሙ በፊት የራሱን ተናዘዘ፤ የመጀመሪያ ቀኑ ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ረስቶ ሜዳ ደርሷል። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባ። የትንንሽ አክሮባት አውሮፕላኖች ፕሮፔለር በደቂቃ ወደ 2,400 ጊዜ ይዞራል፤ በሴኮንድ 40 ጊዜ ማለት ነው። በ1/2000 ሴኮንድ የሚዞረው ሰባት ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሆነ ፎቶው ላይ የቆመ ይመስላል። ሸተሩ ወደ 1/160 ቢወርድ ግን ሩብ ዙር ይዞራል፤ ያን ጊዜ ዐይን እንደሚያየው ክብ ጥላ ይሠራል። በሌላ አነጋገር ቀኑን ሙሉ በፍጥነት የገደልኩት የፍጥነቱን ምልክት ራሱን ነው።

መልስ 2፦ አጭር ነበር። የሄሊኮፕተር ትልቁ ተሽከርካሪ ከትንሽ አውሮፕላን ፕሮፔለር እጅግ ይዘገያልና እስከ 1/60 መውረድ ያስፈልጋል፤ ጄት ግን የሚዞር ነገር ውጭ ስለሌለው በ1/1000ም በ1/2000ም ቢነሳ ግድ የለም።

መልስ 3፦ የመጀመሪያው ጸብ እዚህ ላይ ተጫረ። ይህ ሰው 1ኛውን መካሪ ጀማሪን ገደል እየሰደደ ነው ሲል ከሰሰው። በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ1/160፣ እጁ ያልሠለጠነ ሰው የሚያገኘው ፕሮፔለሩም አውሮፕላኑም አብረው የተለወሱበት ፎቶ ነው። በእሱ አስተያየት በ1/500 ተጀምሮ፣ እጅ ሲለምድ ወደ 1/320፣ ከዚያ ወደ 1/250 መውረድ ይሻላል፤ ፕሮፔለሩ ሙሉ ክብ ባይሠራም መዞሩ ይታወቃል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ግን ማናቸውም ያን ለማመን ፈቃደኛ አልነበሩም።

መልስ 4፦ 1ኛው ተመለሰ፣ ትንሽ ተቆጥቶ። እጅ የማይሠለጥነው ስላልሠለጠነ ነው በሚል መንፈስ አውሮፕላንን እየተከተሉ ማንሳትን አስረዳ። እግር የሚተከለው አውሮፕላኑ ወዳለበት ሳይሆን ፎቶው ወደሚነሳበት አቅጣጫ ነው። ከዚያ ወገብ ወደ መጪው አውሮፕላን ይጠመዘዛል፣ ክርኖች ከጎን ጋር ይጣበቃሉ፣ አውሮፕላኑ ሲቀርብ ሰውነት እንደ ተጠቀለለ ገመድ እየተፈታ ይከተለዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁልፉን እንደተጫነ በመቆሙ ነው፤ ኳስ የመታ እግር ከምቱ በኋላ ወደፊት እንደሚሄድ ሁሉ ካሜራውም ከተነሳ በኋላ መሄዱን መቀጠል አለበት። ልምምዱ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና በማንሳት ይጀመር አለ። ጀመርኩ። ሾፌሮች ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ሲያዩኝ የነበረውን ሁኔታ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ።

መልስ 5፦ የጠቆሩትን ጄቶች ያየ ሰው ደግሞ የካሜራው የብርሃን መለኪያ እንደሸወደኝ ጠቆመ። መለኪያው የሚያየው አብዛኛውን ሰማይ ነው፤ ደመናማ ሰማይ ያበራልና ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፤ አውሮፕላኑ ጥላ ሆኖ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቀን አንድ እርከን ብርሃን መጨመር ነው። ፀሐይ ከጀርባ ሆና ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን ግን ምንም መጨመር አያሻም፤ ከተጨመረም ነጭ ክንፎች ይቃጠላሉ።

መልስ 6፦ ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ነው፤ የጻፈው ሰው ስለ ካሜራ አንድም ቃል አላነሳም። የጠየቀኝ አውሮፕላኑን የምፈልገው በምን እንደሆነ ነበር። ገምቶ ራሱ መለሰው፦ በጆሮ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት እኔ ጋ ለመድረስ ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በሦስት ሴኮንድ 750 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ድምፁ ወደመጣበት ካሜራዬን ሳዞር የማገኘው ጄቱ ከሦስት ሴኮንድ በፊት የነበረበትን ቦታ ነው። ባዶ ሰማይ ያነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ከድምፁ ቀድሞ ማየት ነው፤ ድምፁ ከወዲህ ከመጣ ዐይን ወደ በረራው አቅጣጫ ርቆ መሄድ አለበት። ሌላም ጨመረ፦ ሌንሱን ዐይን ላይ ከመለጠፍ በፊት አውሮፕላኑን በባዶ ዐይን ማግኘት፣ ከዚያ ዐይንን ሳይነቅሉ ካሜራውን ማንሳት። ሌንሱ ሰፋ ባለ እይታ ይጀምር፣ አውሮፕላኑ ከገባ በኋላ ይቅረብ። መልሱን ሁለት ጊዜ አንብቤ ያን ቀን ሜዳው ላይ የቆምኩበትን ሁኔታ አስታወስኩ። በዙሪያዬ የነበሩ ልጆች ሁሉ ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ እየቀሰሩ ሲጮኹ፣ እኔ በሰባት መቶ ሃምሳ ሜትር ዘግይቼ ሌላ ሰማይ ስቆፍር ነበር።

መልስ 7፦ ርእሱ ላይ ትርኢት ብዬ መጻፌን ያየ ሰው ትክክለኛው ትርዒት ነው ብሎ አረመኝ።

መልስ 8፦ አራሚውን ሌላ አረመው። ቃሉ ከግእዙ ርእየ የመጣ ነው፤ ማየት። ራእይም ከዚያው ነው፤ ስለዚህ በአልፋው አ እንጂ በዐይኑ ዐ አይጻፍም። በእርግጥ ጋዜጣ ሁሉ በሁለቱም ይጽፈዋል።

መልስ 9፦ አይሮፕላን ነው ወይስ አውሮፕላን የሚል ጥያቄ ተከተለ። ማንም አልመለሰም፤ ደግ አደረጉ።

መልስ 10፦ ድምፁ ተለወጠ። እኔን ጨምሮ ሜዳ ላይ ሌንስ ተሸክሞ የሚቆመውን ሕዝብ ሁሉ የሚወቅስ መልስ ነበር። ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያየውን ነገር በአውራ ጣት ጥፍር በምታክል መስኮት ማየቱ ምን ይሉታል? በዚያ ላይ ከእኛ የተሻለ ፎቶ በባለሙያ ተነስቶ በነጻ ይገኛል። ወደ ሜዳ የሚኬደው ደረት ውስጥ ገብቶ የሚያንቀጠቅጠውን ድምፅ ለመስማት ነው፤ እሱን ደግሞ ካሜራ አይዘውም።

መልስ 11፦ ወዲያው ስለታም ምላሽ ደረሰው። ምግብ ቤት ባለበት አገር ቤት ውስጥ ለምን ይበስላል የሚል ዓይነት ክርክር ነው ብሎ አጣጣለበት፤ የሚያበስል ሰው ስለሚራብ ብቻ አያበስልም። ለ10ኛው ያልሰጠውን ክብር ለእኔም አልሰጠኝም፤ 2,300 ፎቶ በአንድ ቀን ማንሳት ፎቶ ማንሳት ሳይሆን መዝራት ነው አለ። ተቀየምኩ። በማግስቱ ግን እየሰረዝኩ ሳለ ቃሉ ትዝ እያለኝ ለብቻዬ ሳቅሁ።

መልስ 12፦ ወፍ የሚያነሳ ሰው የወፍ ፎቶ ከጄት እንደሚከብድ ሊያስረዳ ሞከረ። ወፍ የበረራ ፕሮግራም አታወጣም፣ ማይክሮፎን ይዞ አሁን ከቀኝ ትመጣለች የሚልላትም የለም። እውነት ነው።

ከመልስ 13 እስከ 15፦ እዚህ ላይ ጥያቄዬ ተረሳ። የትኛው የአክሮባት በረራ ቡድን ይበልጣል ተባለ። አንዱ የእንግሊዞቹን ዘጠኝ ቀያይ ሆክ ጄቶች፣ ሬድ አሮውስን አነሳ፤ ሌላው የጣልያኑን ፍሬቼ ትሪኮሎሪን፣ አሥር አውሮፕላን ያሰልፋልና በቁጥር እሱን የሚስተካከል የለም ብሎ። የፈረንሳዩ ፓትሩዊ ደ ፍራንስ በስምንት፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የተመሠረተው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ብሉ ኤንጀልስ በስድስት እንደሚበር የዘረዘረውም አልጠፋም። 14ኛው ቡድን ምን ያደርጋል፣ የሶቪየቱ ጄት ሱኮይ 27 እንደሚሠራው ኮብራ ያለ ነገር የለም ብሎ ገባ። አብራሪው ቪክቶር ፑጋቾቭ እ.ኤ.አ. በ1989 በፓሪሱ ለ ቡርዤ ትርኢት ላይ የጄቱን አፍንጫ ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ፣ በጄቱ ሆድ አየሩን እየገፋ ወደፊት ሲንሸራተት ዓለም እንዴት አፉን እንደያዘ ተረከ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም ሲልም ደመደመ። 15ኛው ይህችን መደምደሚያ እየጠበቀ የነበረ ይመስላል። የስዊድን አብራሪዎች ድራከን በተባለው ጄት ተመሳሳይ ነገር ያደርጉ የነበረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንደሆነ ጻፈ። 14ኛው ከዚያ ወዲህ አልታየም።

መልስ 16፦ አንድ ሰው ወደ እኔ ተመልሶ ደግ የመሰለ ምክር ሰጠኝ። ቲኬት ከፍሎ ከሕዝብ ጋር መጋፋት ለምን? ከአጥሩ ውጭ፣ በማኮብኮቢያው ጫፍ በኩል መንገድ ዳር ቢቆም ጄቶቹ በራስ ላይ ያልፋሉ፣ ፀሐዩም ከጀርባ ይሆናል፣ የሰው ጭንቅላትም ፎቶው ውስጥ አይገባም።

መልስ 17፦ መልሱ ቀዝቃዛ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 2015 በእንግሊዝ ሾርሃም ላይ አንድ አሮጌ ሃንተር ጄት ቀለበት ሠርቶ ሳይጨርስ መሬት ሲመታ የሞቱት 11 ሰዎች ሁሉ ከሜዳው ውጭ መንገዱ ላይ የነበሩ ናቸው። ገሚሶቹ ትርኢቱ መኖሩንም ሳያስቡ በመኪና የሚያልፉ ነበሩ። ጄቱ ቀለበቱ አናት ላይ ሲደርስ ከሚገባው በታች ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ቁመት ተገልብጦ ለመውረድ የሚበቃ አየር ከሥሩ አልነበረውም። በሜዳው ውስጥ ጄቱን ከተመልካቹ የሚያርቅ የተሰመረ መስመር አለ፤ ከአጥሩ ውጭ ግን ለቆመ ሰው ማንም መስመር አላሰመረለትም።

መልስ 18፦ መስመሩ በደም የተሰመረ እንደሆነ የጨመረ ሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 1988 በምዕራብ ጀርመን ራምሽታይን የጣልያኑ ቡድን ሰማይ ላይ የልብ ቅርጽ ሠርቶ አንዱ አውሮፕላን ልቡን እንደ ቀስት ሊወጋው ሲመጣ ሦስቱ ተጋጩ። ቀስቱ የሚመጣው ወደ ተመልካቹ ፊት ለፊት ነበርና አንዱ እሳት ሆኖ ሕዝቡ ላይ ወደቀ፤ 70 ሰው ሞተ። ዛሬ በብዙ አገር ትርኢቶች ጄት ወደ ሕዝቡ ፊቱን አዙሮ አክሮባት የማይሠራው፣ ከሕዝቡ ጋር ጎን ለጎን የሚበረው በዚህ ዓይነቱ ትምህርት ነው። በአሜሪካ ፈጣኖቹ ጄቶች ከተመልካቹ 1,500 ጫማ፣ 450 ሜትር ግድም ይርቃሉ። እንግዲህ 400 ሚሊ ሜትር አልበቃኝም እያልኩ ያማረርኩበት ርቀት ይኸው ነው። ሌንስ ከመርገሜ በፊት ይህን ባነብ ኖሮ ዝም እል ነበር።

መልስ 19፦ ይህንን እንዴት እንደምተርከው አላውቅም። ጻፊዋ በልጅነቷ ጄት የሚባል ነገር ያወቀችው በድምፁ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው የሚሮጠው ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ምሽግ ነበር። ማንንም አልወቀሰችም። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2002 በዩክሬን ስክኒሊቭ ሱኮይ 27 ተመልካቹ መሃል ወድቆ 77 ሰው ሲገድል ዓለም አደጋ ብሎ ጠራው፤ እሷ ግን ያ አውሮፕላን ከመሠረቱ ለምን እንደተሠራ ለጥቂት ሰዓት ተረስቶ እንደነበር ታስባለች። እኛ የምናጨበጭብለት መሣሪያ መሆኑን አውቀን እናጨብጭብ፣ ካጨበጨብን።

ማንም ለብዙ ሰዓት አልጻፈም።

መልስ 20፦ ከዚያ የጻፈው፣ ማን ይጠረጥራል፣ ያ ስለታሙ 11ኛው ነው። እሱ የሚያነሳው አብራሪውን እንደሆነ፣ ግን ነገሯን ከእንግዲህ ሳያስብ ካሜራ እንደማያነሳ በሁለት መስመር ገልጾ አመሰገናት። ተከራክሮ ያላሸነፈበት ብቸኛው መልሱ ይመስለኛል።

መልስ 21 እና 22፦ ቀጥሎ የመጣው ስለ ተጣጣፊ ወንበር ነበር። መድረክ እንዲህ ነው። ወንበሩ ከፍ ያለ አይሁን፣ ከኋላ ያለው ሰው ይሰደባል፤ ባርኔጣ ክብ ይሁን እንጂ ከፊት ብቻ ከደን የሚል ከሆነ አንገት ይጠበሳል። 22ኛው ሕፃናት ጆሮ ውስጥ ጥጥ ይደረግላቸው አለ።

መልስ 23፦ ጥጥ ለጄት ድምፅ ምንም አይደለም፤ ለሕፃን ጆሮን ከነዙሪያው የሚሸፍን መከላከያ ነው የሚገባው። ጻፊው የጆሮ ሐኪም ይሁን አባት አልተናገረም፤ ከቁጣው አባት ይመስላል።

መልስ 24፦ ካያያዝኳቸው ፎቶዎች አንዱ ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ሲተላለፉ ለማንሳት ሞክሬ አንደኛው ጅራቱ ብቻ የቀረበት ነው። መላሹ ፈጣን ካሜራ እንድገዛ መከረ።

መልስ 25፦ ይህ ደግሞ ገንዘቤን አዳነልኝ። ሁለቱ ጄቶች እያንዳንዳቸው በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ቢበሩ በሴኮንድ 360 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። በሴኮንድ 20 ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ እንኳ ቢሆን በአንዱ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል 18 ሜትር ያልፋል፤ የአንድ ሆክ ጄት ርዝመት ግን 12 ሜትር ግድም ነው። የሚተላለፉበት ቅጽበት በሁለት ፎቶ መካከል ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። የሚሻለው አንዱን ብቻ ይዞ መከተል፣ ትኩረቱን ከእሱ አለመንቀል፣ ሌላውን ለዕድል መተው ነው። የሚነካኩ የሚመስሉትም የተመልካቹ መሃል ላይ ለቆመ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ወደ እኛ አቅጣጫ ስለሆነ አይታየንም፣ ረጅም ሌንስ ደግሞ ጨርሶ ይጨፈልቀዋል። ዳር የቆመ ሰው ትንሽ ቀደም ብለው ወይም ዘግይተው ሲተላለፉ ያያቸዋል።

መልስ 26 እና 27፦ በክንፍ ዙሪያ የሚወጣው ነጭ ጉም ጄቱ የድምፅን ፍጥነት ሲሰብር የሚታይ ነው የሚለው ወሬ መነሳቱ የማይቀር ነበር፤ በ26ኛው ተነሳ። 27ኛው ትዕግሥቱ አልቆበት አፈረሰው። ክንፉ ላይ የአየሩ ግፊት ሲወርድ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል፤ ጄቱ ከድምፅ ፍጥነት በታች እየበረም ይሆናል። ስለዚህ ይህን ፎቶ የሚፈልግ ሰው እርጥበት ያለውን ቀን ይምረጥ፤ ሌላው ሰው ደመናውን ሲራገም እሱ ይደሰት።

መልስ 28፦ ቡድኖቹ የሚለቁት ጭስ የሚቃጠል ነገር እንዳልሆነ፣ ዘይት ወይም ናፍጣ ወደ ጋለው የሞተር ጭስ ተረጭቶ ተንኖ እንደገና የሚረጋ ጤዛ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። ቀለሙ ማቅለሚያ ተጨምሮበት ነው።

መልስ 29፦ ሁለተኛዋ ፎቶዬ ላይ የፕሮፔለሩ ምላጮች እንደ ሙዝ ጎብጠው መታየታቸውን ከ28 መልስ በኋላ አንድ ሰው አስተዋለ። ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሸተር ተጠቅሜ ነበር፤ እሱ ምስሉን በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ታችኛው መስመር እስኪነበብ ምላጩ ዞሮ ይገኛል። ወደ ሜካኒካሉ ሸተር መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በዚህ ሰው ዐይን ቀናሁ።

መልስ 30፦ ይህ የእኔ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ትርኢት ላይ ውዬ ተመለስኩ። 412 ፎቶ አነሳሁ፤ ሜካኒካል ሸተር፣ ለባለ ፕሮፔለሮቹ ከ1/320 ጀምሬ ከሰዓት በኋላ 1/160 ደፈርኩ። ጠዋት በ6ኛው ምክር ሌንሱን ሳላነሳ ሁለት በረራ በዐይኔ ብቻ አየሁ። 10ኛው ይደሰት ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ፎቶዎች ውስጥ ጥርት ብለው የወጡት ዘጠኝ ናቸው። ከዘጠኙ አንዱን አያያዝኩ፦ ነጭና ቀይ አክሮባት አውሮፕላን በጎኑ ተኝቶ ሲያልፍ፣ ፕሮፔለሩ የጤዛ ክብ መስሎ፣ በመስታወቱ ውስጥ የአብራሪዋ የራስ ቁር ወደ እኛ ዞሮ። የአገጯ ማሰሪያ ሳይቀር ይታያል። ከክንፉ ሥር ደግሞ የሜዳው አጥርና በአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎች በፍጥነቱ ተለውሰው አንድ ረጅም ባለ ቀለም መስመር ሆነዋል።

መልስ 31፦ 3ኛው ነው። አጥሩ ወደ ግራ ሁለት ዲግሪ ያህል ማዘንበሉን አሳይቶ፣ ካሜራዬ ውስጥ የአግድም መስመር አመልካች እንዳለ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ።